ኩርባ ላይ የፍሪሲዮን አጠቃቀም፦ ለጀማሪ አሽከርካሪ የተዘጋጀ መመሪያ

ማንዋል መኪና የሚማር ሰው ኩርባ ሲያይ ግራ እግሩ ሳያዝዘው ወደ ፍሪሲዮን ይሄዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ የልምምድ ቀናት መኪናው ደጋግሞ ስለጠፋበት፣ ፍሪሲዮን እስከተረገጠ ድረስ ሞተር እንደማይጠፋ እግሩ ለምዷል። ስለዚህ መሪውን ማዞር ሲጀምር ፍሪሲዮኑን ረግጦ ይገባል፣ ኩርባውን ጨርሶ ሲወጣ ይለቃል፤ መኪናው ስላልጠፋበት ደግሞ በትክክል የነዳ ይመስለዋል። ይህ ልማድ ሥር ከሰደደ በኋላ ማረም እጅግ አድካሚ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ይዘው ዓመታት ያሽከረከሩ ሰዎች ሳይቀሩ ይዘውት ይኖራሉ። የዚህ መመሪያ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ የፍሪሲዮንና የማርሽ ሥራ ከኩርባው በፊት፣ መንገዱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ተጀምሮ ያልቃል፤ ኩርባው ውስጥ ግራ እግር ሥራ የለውም።

ፍሪሲዮን ሲረገጥ ምን ይሆናል?

ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮው፣ ማለትም ማርሾቹ ካሉበት ሳጥን፣ ጋር የሚያገናኝና የሚያለያይ ክፍል ነው። ፔዳሉ ሲለቀቅ የፍሪሲዮኑ ሸራ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ክብ ብረት ላይ ተጭኖ አብሮ ይዞራል፤ ሲረገጥ ይላቀቃል። መኪናው በማርሽ ሆኖ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሡ ፍጥነቱ በራሱ የሚቀንሰው ሞተሩ ጎማዎቹን ስለሚይዛቸው ነው። ፍሪሲዮን በተረገጠ ቅጽበት ይህ መያዝ ይቀራል፤ መኪናው በራሱ ክብደት ይንከባለላል፣ ነዳጅ ቢሰጡትም ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው ጉልበት አያገኝም። ሜዳ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ቁልቁል በሚወርድ ኩርባ ላይ ግን መኪናው መፍጠን በማይገባው ሰዓት ይፈጥናል።

የባሰው ችግር የሚመጣው ፔዳሉ በሚለቀቅበት ጊዜ ነው። ጎማ መንገዱን ቆንጥጦ የመያዝ አቅሙ ውስን ነው፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ከዚህ አቅም ብዙው መኪናውን ለማዞር ይውላል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ያንኑ ኩርባ ለመዞር ከጎማው የሚፈለገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ በ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያለ ሐሳብ የተዞረ ኩርባ በ40 ፈጽሞ ሌላ ኩርባ ነው። በዚህ መካከል ፍሪሲዮኑ ድንገት ሲለቀቅ፣ በዝግታ የሚዞረው ሞተርና በፍጥነት የሚዞሩት ጎማዎች በግድ ይገናኛሉ፤ መኪናው ይነቀነቃል፤ መንገዱ እርጥብ ወይም ፒስታ ከሆነም ጎማው ሊንሸራተት ይችላል። በኋላ ጎማ በሚነዱ መኪኖች፣ ለምሳሌ በአይሱዙ የጭነት መኪኖችና በብዙ ሚኒባሶች ላይ፣ የኋላው ክፍል ወደ ጎን ይወጣል። እንደ ቪትዝ በፊት ጎማ በሚነዱት ላይ ደግሞ መሪው ቢዞርም መኪናው ወደ ኩርባው ውጪ ይገፋል።

በዚህ ላይ የእጅ ጉዳይ አለ። በአገራችን በአብዛኞቹ መኪኖች መሪው በግራ በኩል ስለሆነ ማርሽ የሚቀየረው በቀኝ እጅ ነው፤ ኩርባ ውስጥ ማርሽ የሚፈልግ ሰው መሪውን፣ ሁለት እጅ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ ለግራ እጁ ብቻ ይተወዋል።

አቀማመጥዎን ያስተካክሉ

ወንበሩን ሲያስተካክሉ መለኪያው ግራ እግር ነው። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ድረስ ሲረግጡት ጉልበትዎ ጥቂት እንደታጠፈ መቅረት አለበት፤ እግርዎ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ወይም ለመርገጥ ከወንበሩ መንሸራተት ካስፈለገዎ ወንበሩን ወደፊት ያምጡት። ነጠላ ጫማና ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አይልበሱ፤ ፍሪሲዮኑ መያዝ የሚጀምርበት ቦታ በእግር መዳፍ የሚታወቅ ስለሆነ ሶሉ ቀጭን መሆን አለበት። ከፍሪሲዮኑ በስተግራ እግር ማሳረፊያ መኖሩንም ይመልከቱ። ማሳረፊያ ከሌለው የግራ እግርዎ ቦታ ወለሉ ነው። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳት፣ ሳይጫኑትም ቢሆን፣ ፍሪሲዮኑን በከፊል ሊያላቅቀውና ሸራውን ያለ ዕድሜው ሊጨርሰው ይችላል።

በመጀመሪያ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ ያግኙ

ይህን ልምምድ ሜዳ በሆነና ሰው በማይተላለፍበት ቦታ ያድርጉት። ሞተሩን አስነሥተው ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ይርገጡ፣ አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ ቀኝ እግርዎ ፍሬኑ ላይ ይሁን። ከዚያ ፍሪሲዮኑን እጅግ በዝግታ ይልቀቁ። በአንድ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ መሪው በእጅዎ ውስጥ በትንሹ ይንቀጠቀጣል፣ ኮፈኑ በጥቂቱ ቀና ይላል። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ ይህ ነው። እግርዎን እዚያው አቁመው ፍሬኑን ይልቀቁ፤ መኪናው ነዳጅ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሲንቀሳቀስ ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ለቀው እግርዎን ወደ ማሳረፊያው ይውሰዱት።

ይህን ነዳጅ ሳይነኩ ደጋግመው ይሥሩት። አንዳንድ አሠልጣኞች ሰዓት ይባክናል ብለው ይህን ክፍል ያልፉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ኩርባ ላይ ፍሪሲዮን የሚረገጠው መኪናው ይጠፋብኛል በሚል ፍርሃት ነው፤ መኪናው ያለ ነዳጅ እንኳ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ራሱን ችሎ እንደሚሄድ በእግሩ ያወቀ ተማሪ ይህ ፍርሃት ይለቀዋል። ጤናማ ሞተር ያለው አነስተኛ መኪና በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው፣ ሜዳ ላይ በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ሊዞር ይችላል። ይህን ራስዎ በሰፊ ሜዳ ላይ ክብ እየዞሩ ይሞክሩት፤ ግራ እግርዎ ወለሉ ላይ ሆኖ መኪናው ሳይጠፋ ሲዞር ማየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

የኩርባው ቅደም ተከተል

በሦስተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ ደረሱ እንበል። መኪናው በዚህ ፍጥነት በየሰከንዱ ወደ 11 ሜትር ይጓዛል። ጀማሪ ማርሽ ለመቀየር ከሦስት እስከ አራት ሰከንድ ስለሚፈጅበት፣ ለማርሹ ብቻ ከ30 እስከ 45 ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ ያስፈልገዋል፤ ፍሬን የሚይዝበት ርቀት በዚህ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ኩርባው ሩቅ ሳለ መጀመር ግድ ነው።

1. ኩርባውን ያንብቡት። ምን ያህል እንደሚታጠፍ፣ መውጫው ይታይ እንደሆነ፣ ዳገት ወይም ቁልቁለት መሆኑን፣ አስፋልቱ ላይ አሸዋ ወይም ውሃ መኖሩን ይመልከቱ። መውጫው የማይታይ ኩርባ ሁልጊዜ ከሚታየው በዝግታ ይገባል፤ ተራራ ላይ ከሆነ ጡሩምባ ያሰሙ። ስፖኪዮውን አይተው ከኋላዎ ያለው መኪና ምን ያህል እንደቀረበ ይወቁ። መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚታጠፉ ከሆነ ፍሬቻ የሚሰጠውም አሁን ነው።

2. ፍጥነቱን በፍሬን ይቀንሱ፤ ፍሪሲዮኑን ገና አይንኩት። ጀማሪዎች ሁለቱን ፔዳሎች አንድ ላይ መርገጥ ይወዳሉ፤ ይህን ሲያደርጉ ግን ሞተሩ የሚሰጣቸውን እገዛ ያጣሉ። መኪናው በሦስተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢወርድም አይጠፋም።

3. ፍጥነቱ ከወረደ በኋላ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ድረስ ይርገጡና ማርሹን ወደ ሁለተኛ ይመልሱት። ግማሽ መርገጥ ካምቢዮውን ያስጮኸዋል። ዓይንዎ መንገዱ ላይ ይቆይ፤ የማርሹን ቦታ እጅ እንጂ ዓይን አይፈልገውም። እጅዎ ቦታውን ካላወቀው፣ ሞተሩ ጠፍቶ መኪናው በቆመበት፣ ዓይንን ጨፍኖ ማርሽ መቀየርን ይለማመዱ።

4. ፍሪሲዮኑን ይልቀቁ። መመሪያው ሁሉ የሚዞረው በዚህ እርምጃ ላይ ነው። ፔዳሉን ፍሪሲዮኑ እስከሚይዝበት ቦታ ድረስ በመጠነኛ ፍጥነት ያምጡት፣ እዚያ ጥቂት ያቁሙት፣ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ከጎማው ፍጥነት ጋር ሲስማማ ይሰማዎታል፤ ከዚያ ቀሪውን በዝግታ ይልቀቁ። መኪናው ወደፊት ከደፋዎ ወይ ቸኩለው ለቀዋል፣ ወይ ደግሞ ፍጥነቱ ለሁለተኛ ማርሽ ገና ብዙ ነበር። እግርዎን ወደ ማሳረፊያው ይውሰዱ፤ ቀኝ እጅዎንም ወደ መሪው ይመልሱ።

5. አሁን ይዙሩ። መሪው የሚዞረው ግራ እግር ወለሉን፣ ቀኝ እጅ መሪውን ከያዙ በኋላ ብቻ ነው። ኩርባው ውስጥ ነዳጅ በጥቂቱና ሳይቆራረጥ ይስጡ፤ ፍጥነቱን ለመጨመር ሳይሆን መኪናው ሳይንገዳገድ እንዲሄድ ነው። ዓይንዎን ከኮፈኑ ፊት ካለው አስፋልት አንሥተው ወደ ኩርባው መውጫ ይላኩ። ወደ ግራ በሚታጠፍ ኩርባ ላይ መንገዱን ለማሳጠር ወደ ተቃራኒው መስመር መግባት ከባድ አደጋ ስለሆነ በመስመርዎ ይቆዩ።

6. ኩርባውን ሲጨርሱ መሪውን ቀጥ ያድርጉ፣ ነዳጅ ጨምሩና ፍጥነት ይያዙ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ይቀይሩ። መሪው ሳይመለስ ማርሽ ለመጨመር አይቸኩሉ፤ ሁለተኛ ማርሽ ጥቂት ቢጮህ ምንም አይሆንም።

በሁለት ድንጋዮች የሚደረግ ልምምድ

ቅደም ተከተሉን ማወቅና በጊዜው መፈጸም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጀማሪውን የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው፤ እርምጃዎቹን በቃሉ እየተናገረ እንኳ ፍሪሲዮኑን የሚለቀው ኩርባው መሐል ደርሶ ይሆናል። ለዚህ የሚረዳ ቀላል ልምምድ አለ። ባዶ ሜዳ ላይ ወይም መኪና በማይበዛበት ሰፊ ግቢ ውስጥ በአሮጌ ጎማ ወይም በጀሪካን ኩርባ ያብጁ። ኩርባው ከሚጀምርበት ቦታ ሦስት የመኪና ርዝመት ያህል ቀድሞ ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ያስቀምጡ፤ ከዚያም ወደ ኋላ 50 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሌላ ድንጋይ ያስቀምጡ። የሩቁ ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ፍሬን ይጀምራል። የቅርቡን ድንጋይ ሲያልፉ ግራ እግርዎ ፔዳሉን ለቆ ወለሉ ላይ መሆን አለበት።

አብሮዎ የተቀመጠው ሰው መንገዱን ሳይሆን እግርዎን ይመልከት፤ ቅርቡን ድንጋይ ባለፉበት ቅጽበት እግርዎ የት እንደነበር ብቻ ይንገርዎ። እግሩ ገና ፔዳሉ ላይ ከነበረ መሪውን አያዙሩ፤ በቀጥታ አልፈው ይሂዱና ተመልሰው ይጀምሩ። ይህ ደንብ የማይላላ መሆኑ የልምምዱ ጥቅም ነው። ተማሪው ዘግይቶ ከመዞር ይልቅ ቀደም ብሎ መጀመር እንደሚሻለው ከጥቂት ሙከራ በኋላ ራሱ ይገባዋል። እርምጃው ሲለመድ ፍጥነቱን ጨምሩ እንጂ ድንጋዮቹን አያቀራርቡ።

ግራ እግር የሚፈቀድበት ጊዜ

ደንቡ ሊጣስ የሚገባባቸው ሁኔታዎች አሉ። በሰው እርምጃ ፍጥነት ሲዞሩ፣ ማለትም ጠባብ ቦታ ላይ መኪና ሲያቆሙ፣ ወደ ኋላ ሲሄዱ፣ ዙረው ሲመለሱ፣ ወይም መኪኖች ተደርድረው በሚጎተቱበት አደባባይ ውስጥ ሲሆኑ፣ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን የሚይዝበት ቦታ ላይ እያቆሙ መሄድ ትክክለኛ አሠራር ነው። እዚህ ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ ጎማው የመንሸራተት ስጋት የለበትም። መኪናው ሊቆም ሲል ወይም በሁለተኛ ማርሽ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ፍሪሲዮን መርገጥም ግድ ነው። ድንገተኛ ማቆም ሲያስፈልግ ቀዳሚው ፍሬን ነው፤ ፍሪሲዮኑ የሚረገጠው ሞተሩ እንዳይጠፋ በመጨረሻ ላይ ነው።

መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው ከተነሡ በኋላ ሲታጠፉ ደግሞ ጀማሪዎች ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዘው መሪውን ያዞራሉ። መንገዱ ከፈቀደ መኪናውን ጥቂት ቀጥ አድርገው ያስነሡ፣ ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ ከዚያ በአንደኛ ማርሽ ይታጠፉ። ወደ ሁለተኛ መቀየሩ ከታጠፉ በኋላ ይደርሳል።

ማርሹን ሳይመልሱ ኩርባው ውስጥ ገብተው ቢገኙስ? በዚያው ማርሽ ይቆዩ። ሦስተኛ ማርሽ በዝግታ ቢያንቋርርም ኩርባውን ያወጣዎታል። ፍጥነቱ በዝቶብዎት ከሆነ እግርዎን ከነዳጁ በዝግታ ያንሡ፣ መሪውን አጥብቀው ወደሚሄዱበት ያዙ፣ አስፈላጊ ከሆነ ፍሬኑን በለስላሳው ይንኩ። በዚህ ሰዓት ፍሪሲዮን መርገጥ መኪናውን ያለ ሞተር መያዣ መልቀቅ ነው።

ዳገት ላይ ያለ ኩርባ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ የሞከረ ተማሪ መኪናው ሜዳ ላይ የነበረው ጉልበት የት እንደገባ ይጠይቃል። ከዳገቱ ሌላ ከፍታውም ድርሻ አለው፤ ቱርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ለየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በግምት 10 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስለዚህ በመኪናው መጽሐፍ ላይ ወይም በቆላ አገር በሦስተኛ የሚወጣ ዳገት እዚህ ሁለተኛ ይፈልጋል። በተጨማሪም ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የኩርባው ውስጠኛ ክፍል ከውጪው ይልቅ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ዳገት ላይ ደግሞ የእርስዎ መስመር ያ የውስጡ ክፍል ነው። ማርሽዎን ከኩርባው በፊት ይመልሱ፤ የሚጠራጠሩ ከሆነ ዝቅተኛውን ይምረጡ። ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ሲረገጥ መኪናው ወዲያው ጉልበቱን ስለሚያጣ፣ ማርሽ ልውውጡ ከሜዳው ይልቅ ፈጠን ማለት አለበት።

ኩርባው መሐል ቢጠፋብዎት ፍሬኑን አጥብቀው ይርገጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ የአደጋ መብራት ያብሩ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠው በአንደኛ ማርሽ ያስነሡ፤ ከዚያ ፍሪሲዮኑ ሲይዝ ነዳጅ ጨምረው የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። ከኋላዎ የሚሰማው ጡሩምባ አያስቸኩልዎት። ዳገት ላይ በሰልፍ ሲቆሙ መኪናውን በፍሪሲዮን ተይዞ እንዲቆም ማድረግ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ያመጣል።

ቁልቁለት ላይ ያለ ኩርባ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የአባይ በረሃ መንገድ ላይ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ነው ድልድዩ ጋ የሚደርሰው። ከደባርቅ በታች ያለው ሊማሊሞም እንዲሁ ኩርባ በኩርባ ላይ የተደራረበበት ቁልቁለት ነው። ጀማሪ እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ብቻውን መሄድ የለበትም፤ ደንቡን ግን ከከተማ ቁልቁለት ጀምሮ ሊለማመደው ይገባል። ማርሽ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ዳገቱን ቢወጡት ኖሮ በሚጠቀሙበት ማርሽ ወይም ከዚያ ባነሰው ይውረዱ፤ ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን ከኩርባ በፊት ብቻ ይጠቀሙበት።

ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በዜሮ ማርሽ ወይም ፍሪሲዮን ረግጦ መውረድ በብዙ አሽከርካሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ስለሚሆን የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ በጋለ ጊዜ ደግሞ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ፔዳሉ እየተረገጠ መኪናው የማይቆምበት ደረጃ ይደርሳል። የተባለው ቁጠባም የለም። ኢንጀክሽን (ነዳጁን ለክቶ የሚረጭ ሥርዓት) ያላቸው ሞተሮች እግር ከነዳጁ ተነሥቶ በማርሽ ሲወርዱ ነዳጁን ይቆርጡታል፤ በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ፍጥነት ከያዘ በኋላ ቁልቁለቱ መሐል ማርሽ ለመመለስ መሞከርም ከባድ ነው፤ ማርሹ አልገባ ቢል መኪናው ዜሮ ላይ ይቀራል።

ዝናብና ለስላሳ መንገድ

ሰኔ ሲገባ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ በበጋ የተጠራቀመውን አቧራና ዘይት ስለሚያላቁጠው አስፋልቱ ከሌላው ጊዜ በባሰ ያንሸራትታል። እርጥብ ኮብልስቶንም እንዲሁ ነው። በእነዚህ መንገዶች ላይ አራተኛውን እርምጃ በእጥፍ ያዝግሙት፤ ፍሪሲዮኑ በኃይል ሲለቀቅ ጎማው ፍሬን እንደተያዘበት ሆኖ ሊንሸራተት ይችላል። ፒስታ ላይ ከተለመደው ፍጥነት ዝቅ ብለው ይግቡ፣ ኩርባው እስኪያልቅም ነዳጁን አይለዋውጡ።

ወደ መደበኛው መንገድ የሚወጡት፣ በድንጋዮቹ ልምምድ ላይ እግርዎ ሳይነገረው ወለሉ ላይ መገኘት ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ማለዳ ላይ፣ መኪና ሳይበዛ፣ በሚያውቁት ሰፈር ውስጥ ባሉ ሰፋ ያሉ ኩርባዎች ይጀምሩ፤ ወደ ቀኝ የሚታጠፉትን ወደ ግራ ከሚታጠፉት ያስቀድሙ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ተቃራኒውን መስመር ማቋረጥ ስለሌለባቸው ይቀላሉ። ዳገቱን ከዚያ፣ ቁልቁለቱን በመጨረሻ ያስከትሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ነዳጅ ሲሰጡ የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቱ ግን የማይጨምር ከሆነ ፍሪሲዮኑ እያንሸራተተ ነው፤ ልምምዱን አቁመው ሸራውን ለመካኒክ ያሳዩት።